ከልጣጭ ወደ ከሰል፣ ከከሰል ወደ አፈር፦ ባዮቻር ለጋይንት ማሳ ምን ያህል ይጠቅማል?

በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት ምድር የምትገኘው ቤተ ልሔም በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀችው የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ ነው። በዚያ አካባቢ ለሚጓዝ የአፈር ተመራማሪ ግን ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። በደቡብ ጎንደር እንደሚገኙት እንደ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ ለዘመናት በተጠበቀበት ቅጥር ውስጥ ያለው አፈር ጠቆር ያለ፣ ልል፣ እርጥበት የሚይዝና በብስባሽ የበለጸገ ነው። ከአጥሩ ውጭ ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚገኘው ማሳ ደግሞ የገረጣ፣ ድንጋይ የበዛበትና ዝናብ ሲዘንብ ጎርፍ የሚያጥበው ሆኖ ይታያል። ሁለቱ አፈሮች የተገኙት ከአንድ ዐለት ነው፤ የሚዘንብባቸውም ዝናብ አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው በአንደኛው ውስጥ ካርቦን ሲጠራቀም ከሌላው ውስጥ እየተሟጠጠ መሄዱ ነው።

የማሳው ካርቦን የት ሄደ? መልሱ ከምድጃው አጠገብ ይገኛል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በሌሎችም የሀገራችን ደጋማ አካባቢዎች እንደሚታየው፣ ወደ አፈር መመለስ የነበረበት ፍግ ኩበት ሆኖ ይነዳል፤ ገለባው ለከብት መኖ ይውላል፤ የተረፈው አገዳም ማገዶ ይሆናል። በዚህ ላይ የአፈር መሸርሸር ሲታከል ማሳው በየዓመቱ ይሰጣል እንጂ የሚቀበለው ነገር የለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል መሆናቸው የዚህን ጉዳይ ክብደት ያሳያል። የአፈር ለምነት ጥያቄ በዚህ ምድር የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ ውሱን ጉዳይ ነው። ከፍራፍሬ ዝግጅት የሚተርፈውን ልጣጭ፣ ፍሬና ገለፈት ወደ ባዮቻር ለውጦ ለአፈር ማዋል እንዴት ይቻላል? ስንት ማሳስ ያዳርሳል? የትኛውን ችግር ይፈታል፣ የትኛውንስ አይፈታም?

ለመሆኑ ባዮቻር ምንድን ነው?

ባዮቻር ከዕፅዋት ተረፈ ምርት የሚዘጋጅ፣ በምድጃ ለመንደድ ሳይሆን በአፈር ውስጥ ለመቀበር የታሰበ ከሰል ነው። አንድ እንጨት ወይም ልጣጭ በቂ ኦክስጅን ባለበት ሲነድ ካርቦኑ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል፤ በስተመጨረሻ የሚቀረው አመድ ብቻ ነው። ኦክስጅን በሌለበት ወይም እጅግ ባነሰበት ሁኔታ ከ350 እስከ 700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲጋል ግን ውኃው፣ ጋዙና ሬንጅ መሰሉ ፈሳሽ ተንነው ይወጡና ጠንካራው ካርቦን ይቀራል። ይህ ሂደት ፓይሮሊሲስ ይባላል። የሀገራችን ከሳዮች እንጨቱን በአፈር ሸፍነው ሲያከስሉ የሚያደርጉት ከዚህ የተለየ አይደለም።

የተገኘው ከሰል ሁለት ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው ጽናቱ ነው። የካርቦን አተሞቹ በቀለበት ቅርጽ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ስለሚገኙ የአፈር ረቂቅ ሕዋሳት በቀላሉ ሊያፈራርሷቸው አይችሉም። ማሳ ላይ የተጣለ ልጣጭ በወራት ውስጥ በስብሶ ሲያልቅ፣ በደንብ የከሰለ ባዮቻር ግን ለመቶዎች ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው ቀዳዳማነቱ ነው። የተክሉ ሕዋሳት ግድግዳ ቅርጹን እንደያዘ ስለሚከስል ባዮቻር በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች አሉት። እነዚህ ቀዳዳዎች ውኃ ይይዛሉ፤ ገጽታቸውም እንደ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ስቦ በማቆየት በዝናብ እንዳይታጠቡ ያግዛል።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የባዮቻር ጥናት መነሻ በደቡብ አሜሪካ የአማዞን ደን ውስጥ የሚገኘው ጥቁር አፈር ነው። የአካባቢው ተፈጥሯዊ አፈር ቀይ፣ አሲዳማና ደሃ ሲሆን፣ የጥንት ነዋሪዎች በሰፈሩባቸው ቦታዎች ግን ጥቁርና ለም አፈር በየቦታው ይገኛል። በአፈሩ ውስጥ ከሰል፣ አጥንትና የሸክላ ስብርባሪ በብዛት አለ። የኔዘርላንድስ ተወላጁ የአፈር ሊቅ ዊም ሶምብሩክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ አማዞን አፈር ባሳተመው ጥናት ይህን ጥቁር አፈር ለዓለም ምሁራን በስፋት አስተዋወቀ። ነዋሪዎቹ ቦታውን ከለቀቁ ብዙ መቶ ዓመታት ቢያልፉም ለምነቱ አለመጥፋቱ ነበር ተመራማሪዎችን ያስደነቃቸው።

በሀገራችንም ከሰልና አፈር የተገናኙባቸው ልማዶች አሉ። በአንዳንድ ደጋማ አካባቢዎች ገበሬዎች አፈሩን ከሣርና ከፍግ ጋር ከምረው እያጋዩ ገብስ ይዘሩበት ነበር። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ደግሞ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በአሲዳማ ማሳቸው ላይ ተክለው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆርጠው ያከስሉና በቦታው ላይ ጤፍ ይዘራሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዲከረንስ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ወደ አፈር የሚያስገባ ዛፍ በመሆኑ የተገኘው ለውጥ ሁሉ የከሰሉ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። የሳይንስ ሥራ እንዲህ ያሉትን የተደራረቡ ምክንያቶች ለያይቶ መመዘን ነው።

ለባዮቻር ጥናት በኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ከሆኑት ተቋማት አንዱ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዩኒቨርሲቲው የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ ዓመታት ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጋር ጭምር በመተባበር ከቡና ገለፈት፣ ከበቆሎ ተረፈ ምርትና ከእንስሳት አጥንት የሚገኝ ከሰል ለአፈር ያለውን ጥቅም መርምረዋል።

የፍራፍሬ ተረፈ ምርት በሀገራችን

ስለ ፍራፍሬ ተረፈ ምርት ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው የጭማቂ ፋብሪካ ሊሆን ይችላል። በላይኛው አዋሽ ሸለቆ የነበረው የመርቲ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት የቲማቲም ድልህና ማርማላታ ለሀገር ውስጥ ገበያ ሲያቀርብ ቆይቷል። በሀገራችን ከተሞች ግን ፍራፍሬ በብዛት የሚፈጨው በየመንገዱ ዳር በሚገኙት ጭማቂ ቤቶች ነው። በባሕር ዳር፣ በደብረ ታቦር፣ በወረታና ወልድያ መንገድ ላይ በምትገኘው በነፋስ መውጫ ጭምር፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ ወይም ሙዝ የሚፈጭበት ቤት ሁሉ በየቀኑ ልጣጭና ፍሬ ይጥላል። ይህ ቆሻሻ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ በየቦዩ ሲጣል ይሸታል፣ ዝንብ ያረባል፤ ታፍኖ ሲበሰብስም ሚቴን የተባለውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ያመነጫል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሌላው ፍራፍሬ ቡና ነው። የቡና ተክል የሚያፈራው ቀይ ፍሬ እንደማንኛውም ፍራፍሬ ልጣጭና ሥጋ ያለው ሲሆን፣ ለገበያ የሚቀርበው ዘሩ ብቻ ነው። በደረቅ ዘዴ ከሚዘጋጅ አንድ ኩንታል ንጹሕ ቡና አንድ ኩንታል ያህል ገለፈት ይተርፋል። ኢትዮጵያ በዓመት ከ4 መቶ ሺህ ቶን በላይ ቡና የምታመርት ሀገር በመሆኗ፣ በሀገራችን ትልቁ የፍራፍሬ ተረፈ ምርት የቡና ገለፈት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እነዚህን ተረፈ ምርቶች ለባዮቻር ተመራጭ የሚያደርጋቸው አንድ ነገር አለ። የገብስ ገለባን ማክሰል ከከብት አፍ መንጠቅ ነው፤ እንጨት ማክሰልም ደን መመንጠር ሊሆን ይችላል። የአቮካዶ ፍሬን ወይም በፋብሪካ በር የተከመረ የቡና ገለፈትን የሚሻማ ግን ጥቂት ነው።

በአሲዳማ አፈር ውስጥ ምን ይሠራል?

በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ በተለያየ ደረጃ አሲዳማ እንደሆነ ይገመታል። ዝናብ በሚበዛባቸው ከፍተኛ ቦታዎች፣ በጉና ተራራ ዙሪያ ያሉትን ማሳዎች ጨምሮ፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም በውኃ እየታጠቡ ስለሚሄዱ ቦታቸውን ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይይዙታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም በብዛት ይሟሟና የተክሉን ሥር ያኮማትራል። ፎስፈረስም ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ስለሚጣበቅ ገበሬው በውድ ገዝቶ የጨመረው ማዳበሪያ ለተክሉ ሳይደርስ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ ይቀራል።

ፒኤች በሎጋሪዝም የሚለካ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። ፒኤቹ 4.5 የሆነ አፈር ፒኤቹ 5.5 ከሆነው በአሲድነት 10 ጊዜ ይበልጣል። የተለመደው መፍትሔ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ማሳው ላይ መበተን ነው። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር ብዙ ጊዜ በቶን የሚቆጠር ኖራ ስለሚያስፈልግ፣ ከወፍጮው እስከ ተራራማው ማሳ ለማድረስ የሚጠይቀው የማጓጓዣ ወጪ ለገበሬው ከባድ ነው።

ባዮቻር እዚህ ላይ ሊያግዝ ይችላል። በልጣጩ ውስጥ የነበሩት ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም በማክሰል ጊዜ ስለማይተኑ በከሰሉ ውስጥ በካርቦኔትና በመሳሰሉት መልክ ተከማችተው ይገኛሉ። እንደ ሙዝ ልጣጭና የቡና ገለፈት ካሉ በፖታሲየም የበለጸጉ ተረፈ ምርቶች የሚገኘው ባዮቻር ፒኤቹ ብዙውን ጊዜ ከ9 በላይ ነው። ይህ አልካላይነት የአፈሩን አሲድ ያረግባል፤ የተሟሟው አሉሚኒየምም ወደማይሟሟ ውሁድነት ይለወጣል።

ሳይመን ጄፍሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 በርካታ ሙከራዎችን አሰባስበው ባወጡት ጥናት፣ ባዮቻር በሐሩር ክልል በሚገኙ ማሳዎች ላይ ምርትን በአማካይ 25 በመቶ ያህል ሲያሳድግ፣ አፈሩ አስቀድሞ ለምና ገለልተኛ በሆነባቸው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ዓይነት አካባቢዎች ግን ጭማሪ አለማሳየቱን አመልክተዋል። ከዚህ የምንማረው ባዮቻር ለማንኛውም መሬት የሚሆን ፍቱን መድኃኒት አለመሆኑን ነው። በሽታው አሲዳማነት ከሆነ ይረዳል። አፈሩ ቀድሞውኑ አልካላይ ወይም ገለልተኛ በሆነበት ቆላማ ሥፍራ ግን ፒኤቹን ይበልጥ ማሳደግ ዚንክና ብረትን ከተክሉ ሊያርቅ ይችላል። በመሆኑም ከሁሉ በፊት አፈርን መመርመር ይቀድማል።

ስሌቱ ምን ይላል?

አንድ ጭማቂ ቤት በቀን 50 ኪሎ ግራም እርጥብ ልጣጭና ፍሬ ይጥላል፣ በዓመትም 300 ቀን ይሠራል እንበል። በዓመት 15 ቶን መሆኑ ነው። ይሁንና የልጣጭ 80 በመቶ ያህሉ ውኃ ነው። ሲደርቅ 3 ቶን ይቀራል። ከደረቁ 30 በመቶው ወደ ከሰል ቢለወጥ የሚገኘው 900 ኪሎ ግራም ባዮቻር ነው።

በብዙ ሙከራዎች ለአንድ ሄክታር 10 ቶን ያህል ባዮቻር ይጨመራል፤ ይህም ለአንድ ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ግራም ማለት ነው። ስለዚህ የአንድ ጭማቂ ቤት የዓመት ቆሻሻ የሚሸፍነው 900 ካሬ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከሩብ ሄክታር በእጅጉ ያንሳል። የቡና ገለፈት ግን ደረቅ በመሆኑ ከአንድ ቶን 270 ኪሎ ግራም ያህል ባዮቻር ሊገኝ ይችላል። ያም ሆኖ ገለፈቱን ከጅማ ወይም ከወለጋ እስከ ጋይንት በመኪና መጫን ትርፉን ይበላዋል።

ከዚህ ስሌት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የነፋስ መውጫ ጭማቂ ቤቶች የጋይንትን የገብስ ማሳ ሊያድሱ አይችሉም። ነገር ግን 900 ኪሎ ግራም ባዮቻር በእያንዳንዱ የችግኝ ጉድጓድ 1 ኪሎ ግራም ቢጨመር ለ900 የፍራፍሬ ችግኞች ይበቃል። ለችግኝ ጣቢያ አፈር፣ ለጓሮ አትክልት መደብ፣ ለትምህርት ቤት እርሻም እንዲሁ። ጥቂቱን ሀብት በሰፊው ከመበተን ይልቅ ሥሩ በሚደርስበት ቦታ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።

ከአየር ንብረት አንጻርም ስሌቱን መቀጠል እንችላለን። ከ900 ኪሎ ግራም ባዮቻር 60 በመቶው ካርቦን ቢሆን 540 ኪሎ ግራም ይሆናል። አንድ የካርቦን አተም ሲነድ ሁለት የኦክስጅን አተሞች ስለሚጨመሩበት ክብደቱን በ44 አባዝተን ለ12 ስናካፍል 1,980 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናገኛለን። ከመቶ ዓመት በኋላ 80 በመቶው ቢቀር 1.6 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ተወግዶ በአፈር ውስጥ ተቀመጠ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓናል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ልዩ ሪፖርት ባዮቻርን ካርቦንን ከአየር ለማስወገድ ከሚያገለግሉ መንገዶች መካከል የጠቀሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዴት ይዘጋጃል?

ቀላሉ መንገድ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ፣ አፉ አንድ ሜትር ተኩል፣ ጥልቀቱ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ልጣጩና ፍሬው አስቀድሞ በፀሐይ በሚገባ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ልጣጭ ሙቀቱን ሁሉ ውኃ በማትነን ያባክነዋል፣ ጭሱም ይበዛል። በጉድጓዱ ሥር በደረቅ ጭራሮ እሳት ይነድና ደረቁ ተረፈ ምርት በስስ በስሱ ይነሰነሳል። ከላይ ያለው ነበልባል ወደ ታች የሚገባውን ኦክስጅን ስለሚያቃጥለው ከሥር ያለው ይከስላል እንጂ አመድ አይሆንም። የላይኛው ንብርብር ነጣ ያለ አመድ ማሳየት ሲጀምር ቀጣዩ ይጨመራል። ጉድጓዱ ሲሞላ በውኃ ወይም በአፈር ይጠፋል። ዘዴው የነበልባል መጋረጃ ይባላል፤ ጋዙ በነበልባሉ ውስጥ ስለሚቃጠል በአፈር ተሸፍኖ ከሚከሰለው የተለመደ ከሰል ያነሰ ጭስ አለው።

የተገኘው ባዮቻር እንደወጣ ማሳ ላይ መጨመር የለበትም። ባዶ ቀዳዳዎቹና ገጽታው በአፈሩ ያለውን ናይትሮጅን ስበው ለጊዜው ከተክሉ ሊሻሙ ይችላሉ። ደግሞም በማክሰል ጊዜ አብዛኛው ናይትሮጅን ስለሚተን ባዮቻር ብቻውን የተሟላ ማዳበሪያ አይሆንም። ስለዚህ በደንብ ደቅቆ ከብስባሽ፣ ከፍግ ወይም ከከብት ሽንት ጋር ተደባልቆ ለጥቂት ሳምንታት መቆየት ይኖርበታል።

ሊታወቁ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ፕላስቲክ ፈጽሞ ወደ ጉድጓዱ መግባት የለበትም። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ሲነድ ዳዮክሲን የተባሉ መርዛማ ውሁዶችን ሊፈጥር ይችላል። ልጣጩን ከስትሮውና ከፌስታሉ መለየት የሚጀመረው በጭማቂ ቤቱ ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ በማክሰል ጊዜ ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመነጫል። ሥራው ከቤት ርቆ፣ በገላጣ ሜዳ፣ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መከናወን ይኖርበታል።

ሦስተኛ፣ ባዮቻር ቀላል በመሆኑ በጎርፍ ላይ ይንሳፈፋል። እርከን በሌለው ተዳፋት ላይ የተበተነ ባዮቻር በመጀመሪያው የክረምት ዝናብ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። የአፈር ጥበቃ ሥራ ሳይቀድም ባዮቻር መጨመር በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደ መቅዳት ነው።

አራተኛ፣ ባዮቻር ተፈላጊ ሲሆን ዛፍ ቆርጦ የማክሰል ፈተና ይመጣል። መርሁ ጥብቅ መሆን አለበት፦ የሚከስለው ሌላ ጥቅም የሌለው ተረፈ ምርት ብቻ ነው።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

ይህን ጉዳይ በትምህርት ቤት ግቢ መፈተሽ ይቻላል። ከአንድ ማሳ አሲዳማ አፈር ወስዳችሁ በሃያ ማሰሮዎች ወይም ጣሳዎች እኩል ሙሉ። አራቱን እንዳሉ ተዉአቸው፤ ለአራቱ አመድ፣ ለአራቱ ባዮቻር፣ ለአራቱ ብስባሽ፣ ለቀሩት አራት ደግሞ ብስባሽና ባዮቻር አንድ ላይ ጨምሩ። በሁሉም እኩል የገብስ ፍሬ ዘርታችሁ እኩል ውኃ አጠጡ። የማሰሮዎቹን ቦታ በየሳምንቱ አቀያይሩ። ከስድስት ሳምንት በኋላ የአፈሩን ፒኤች፣ የተክሉን ቁመትና የደረቀ ክብደቱን ለኩ።

አመድ ለምን አስፈለገ? አመድም የአፈርን አሲድ ያረግባል፤ ነገር ግን ከሞላ ጎደል ካርቦን የለውም። አመድ የተጨመረበትና ባዮቻር የተጨመረበት ገብስ እኩል ካደጉ፣ ጥቅሙ የመጣው አሲዱን ከማርገብ ብቻ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ባዮቻሩ ከበለጠ ግን የውኃና የንጥረ ነገር መያዝ ድርሻ አለው ወደሚል ግምት ይመራል። ብስባሽና ባዮቻር የተቀላቀሉበት ከሁሉ ከላቀም የአማዞን ጥንታውያን ከሰሉን ከአጥንትና ከጥራጊ ጋር መቀላቀላቸው ለምን ፍሬ እንዳፈራ ፍንጭ ይሰጣችኋል።

በጥቅሉ፣ ባዮቻር የጋይንትን አፈር በአንድ ክረምት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን አፈር አይለውጠውም። ያ አፈር የተገኘው ለዘመናት ቅጠል እየረገፈበትና ማንም ሳይወስድበት በመቆየቱ ነው። እርከኑ ከተሠራ፣ ፍጉ ከምድጃ ተርፎ ወደ ማሳ ከተመለሰና አሲዱ በልክ ከታከመ ግን፣ በየቦዩ የሚጣለው ልጣጭም የድርሻውን ሊያበረክት ይችላል። ድርሻው ምን ያህል እንደሆነ በገዛ አፈራችን ላይ መዝኖ ማረጋገጥ ደግሞ የዛሬዎቹ ተማሪዎች ሥራ ነው።